ያለቀ ማንጎ ጠባቂ

ዐወድ ሰኞ ማታ ትራሱን በብብቱ ይዞ ከቤት ወጣ። "እናቴ ግቢ ሄጄ ማንጎ ልጠብቅ ነው" አለኝ።

ማንጎ አልቋል።

አሶሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አረፋ ካለፈ ወዲህ ዝናቡ ገብቷል። የእናቱን ግቢ ማንጎ ያወረድነው ደሞ ሁለታችን ነን፤ እሱ ዛፍ ላይ፣ እኔ ከታች ጆንያ ዘርግቼ። የመጨረሻውን ሳጥን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሲወርድ ወገቡን ይዞ "አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮም አለፈ" ያለው እኔው ፊት ነው።

"ምኑን ነው የምትጠብቀው?" አልኩት።

"ትንሽ ቀርቷል" አለ። አላየኝም። ሰው የተኛበት ቤት ይመስል በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ልብስ አልያዘም። ጫማም አልቀየረም። ትራሱን ብቻ። ሰው ትዳሩን ጥሎ ሲሄድ ሻንጣ ይይዛል ብዬ አስብ ነበር። አልጋው ላይ የእኔ ትራስ ብቻውን ቀረ። መሀል አደረግኩት፣ አላማረም። ወደ ዳሩ መለስኩት፣ ያው ነው።

•

የምጽፈው ሱቄ ውስጥ፣ በደንበኛና በደንበኛ መሀል ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቢቆራረጥ ቻሉት።

ስሜ ሰገነት ነው። አባቴ ጋሽ ፈንታ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው መጥተው እዚህ አምባ ከሰፈሩት ናቸው፣ ገበሬ። ዐወድ የአገሩ ልጅ ነው፣ ከበርታ ብሔረሰብ። በማንጎ ጊዜ ማንጎ ይነግዳል፣ ማንጎ ሲያልቅ ቀርከሃ።

የተዋወቅነው በሱሪ ነው። አንድ ቀን ሱሪ ይዞ መጣ፤ ረዝሞብኛል አሳጥሪልኝ አለ። አሳጠርኩ። በሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ፤ አሁንም ረዝሟል አለ። አልረዘመም ነበር። አሳጠርኩ። ደሞ መጣ። ሱሪው ከቁርጭምጭሚት በላይ ወጥቶ ቁምጣ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መቀሱን አስቀመጥኩና፣ ሰውዬ፣ የምትፈልገውን ተናገርና እንገላገል አልኩት። ላብ አጠመቀው።

"ስምሽን" አለ።

አባቴ ሰርጋችን ላይ አልመጡም። እኔ ቤተ ክርስቲያኔን አልተውኩም፣ እሱ መስጊዱን አልተወም፤ ለአባቴ ግን ያው ነው። ከዚያ ወዲህ እንዴት ዋልሽ አላሉኝም። የእሱ እናት፣ እማማ ኡምኩልሱም፣ መጡ። መጡ እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲያዩ የዋሉት እኔን ሳይሆን መጋረጃውን ነው።

ልጅ ሲመጣ ሁሉም ይለዝባል አልን። ልጅ አልመጣም።

ቆዩኝ፣ ሰው መጣ።

እሺ። እስካሁን ሐኪም ቤት የሄድኩት ብቻዬን ነው። እዚህም፣ አዲስ አበባም። ዐወድ እዚህ በሞተር፣ አዲስ አበባ በታክሲ እስከ በሩ ያደርሰኛል። አይገባም። ወይ ጭነት አለው፣ ወይ ሰው ይጠብቀዋል። እኔ ገብቼ እቀመጣለሁ። ሌሎቹ ባላቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አንዷ ትመጣና ከጎኔ ያለውን ወንበር እያየች "ይቺ ባዶ ናት?" ትለኛለች። ባዶ ናት እላለሁ። ባሏን ታስቀምጥበታለች። እኔ ጉልበቴን ሰብስቤ የሰው ባልና ሚስት ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። ከመርፌውም ከራጁም ይልቅ ያቺ ወንበር ናት የምትከብደኝ።

የእኔ ምርመራ ሁሌ ደህና ነው የሚለው። ሐኪሞቹ መጨረሻ ላይ አንድ ናቸው፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ። ቤት ገብቼ ለዐወድ እነግረዋለሁ።  ከዚያ ተነስቶ የሞተሩን ጎማ ያያል። ጎማው ምንም አልሆነም።

ዘንድሮ አዲስ ዶክተር ይመጣል ተባለ። ሥራው ይኸው ብቻ ነው፤ መውለድ ያቃታቸውን ማየት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ እዚህ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያያል። ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ያዝኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ጋዲሴ የባምባሲ ልጅ ናት፣ ደንበኛዬ ናት፤ የለበሰችው ጋውን ራሱ የእኔ ስፌት ነው። የድሮ ውጤትሽን በሙሉ አምጪ አለችኝ። ጠዋት ውሃ ጠጪ፣ ሽንት ቤት አትግቢ አለችኝ። ቶሎ የሚወልቅ ቀሚስ ልበሺ አለችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ያለ ባልሽ ከመጣሽ ዶክተሩ አያይሽም። የባልሽን ስልክ ንገሪኝ። ሚስት ስትነግራቸው አይሰሙም፣ እኔ ልንገረው።"

ነገርኳት። ሰኞ ከሰዓት ደወለችለት። ሰኞ ማታ ትራሱን ይዞ ወጣ።

ይህን ለመረዳት መማር አያስፈልግም። መመርመር አለብህ ተባለ፣ ሸሸ። ምናልባትም ለመሄድ ሰበብ ሲጠብቅ ኖሯል። ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ ፊት ቁጭ ብዬ የአንዲት ሴትዮ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። መፍታት ጀመርኩ። እየፈታሁ፣ የሰው ልብስ ላይ እንባ እንዳላንጠባጥብ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

•

ማክሰኞ ከሰዓት የእማማ ኡምኩልሱምን ቶብ፣ ሰውነት ላይ የሚጠመጠመውን የሴት ልብስ፣ ይዤ ሄድኩ። ጠርዙን ሰፍቼ ከጨረስኩት ቆይቷል። ለካ እኔም ሰበብ አላጣም።

ግቢው ከከተማው ዳር ነው። ማንጎዎቹ ቅጠል ብቻ ናቸው፤ ዝናቡ ቆሞም ይንጠባጠባሉ። ከትልቁ ዛፍ ሥር የቀርከሃ አልጋ አለ። በማንጎ ጊዜ ሌባና ዝንጀሮ የሚጠበቀው እዚያ ላይ ተተኝቶ ነው። ትራሱን ላስቲክ አልብሶ እዚያ አድርጎታል። እሱም ዳሩ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ፣ ምንም ወደሌለበት ቅርንጫፍ አንጋጧል።

አንዲት ልጅ ከቤት ወጣች። ረጅም፣ እጇ ላይ ሂና ያላት። ሳህን ይዛለች። አጠገቡ አስቀመጠችለት። በበርታኛ የሆነ ነገር አለችው፤ መለሰላት፣ ሳቀች። እኔ በርታኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፈኝም። ያሉትን አልሰማሁም። ሳቋን ግን ሰማሁ።

እማማ ኡምኩልሱም በር ላይ ሆነው አዩኝ።

"ያ ቢንቲ፣ መጣህ? ግባ።"

ያ ቢንቲ ልጄ ሆይ ማለት ነው። አንተ ነው የሚሉኝ፤ አማርኛቸው እንደዚያ ነው። ለምጄዋለሁ። እንዲያውም ደስ ይለኛል። የዚያን ቀን ደስ አላለኝም።

ቶቡን ተቀበሉኝ። ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ጎበዝ አሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠቆሙኝ።

"ይቺ ኑሃ ነው። የእህቴ ልጅ። ከኩርሙክ መጣ፣ እዚህ ይቆያል። ጎበዝ ነው። ምግብ ይችላል፣ ቤት ይይዛል።"

ጥሩ ነው አልኩ። ዐወድስ ምን ያደርጋል አልኳቸው።

"ማንጎ ይጠብቃል አለ" አሉ። ባዶውን ዛፍ አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። "እኔ አልጠየቅኩም። አንተም አልተናገርክም።"

ምን ልናገር? ገንፎ በባሚያ ብላ አሉኝ። በልቻለሁ አልኩ። አልበላሁም ነበር።

ስወጣ ዐወድ አየኝ። ብድግ አለ። ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጣ፤ ፊቱ በደንብ በራ፣ አይቻለሁ። ከዚያ ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ወደ ኋላም ተመለሰ፣ አልጋው ጉልበቱን እስኪነካው። ሰው የተጣደ ድስት ነክቶ ሲሸሽ እንደዚያ ነው።

"ደህና ነሽ?" አለኝ ከዚያ ሆኖ።

"ሐሙስ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።  ኑሃ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው። ሞተር ያለው ባል አለኝ፣ በእግሬ ተመለስኩ። ቢሰድበኝ፣ ሰልችተሽኛል ቢለኝ መልስ ነበረኝ። መልስ የማላውቅለት ያ ወደ ኋላ መመለሱ ነው። እኔን መንካት ፈርቶ።

•

ረቡዕ ሱቅ በጊዜ ዘጋሁ። ዝግጅት ከተባለ ይኼው ዝግጅቴ።

ራጁን፣ የአልትራሳውንዱን፣ የደሙን በየተራው አድርጌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ቶሎ የሚወልቅ ቀሚስ አልነበረኝም፤ ልብስ ሰፊ ነኝና የሰማያዊውን ዚፕ ፈትቼ ከፊት አደረግኩት። ጥፍሬን ቆረጥኩ። እግሬን ታጠብኩ። አዲሱ ዶክተር የሚጠይቀኝን ራሴን ጠየቅኩ። ስንት ዓመትሽ ነው፣ መለስኩ። አስወርዶሽ ያውቃል፣ መለስኩ። ባልሽስ? እዚህ ላይ ቆምኩ። መንገድ ላይ ነው ልበል አልኩ። ጭነት አለው ልበል አልኩ። ማንጎ እየጠበቀ ነው ልበል አልኩና ብቻዬን ሳቅኩ። ባዶ ቤት ውስጥ የራስ ሳቅ ያስፈራል፤ ቶሎ ተውኩት።

ነገ አብሮኝ የሚሄድ ሰው አሰብኩ። ስልኬን ከላይ እስከ ታች አየሁ። ጨርቅ ነጋዴ፣ ክር ነጋዴ፣ ደንበኛ፣ ደንበኛ። አባቴ ጋ ስደርስ ጣቴ ነካው። እውነቱን ልናገር፣ ሳስበው ነው የነካሁት።

አነሱት። ከኋላቸው ዶሮ ይሰማል።

"ማን ልበል?" አሉ።

ቁጥሬን አጥፍተውታል። ወይ ዓይናቸው ደክሞ አላዩትም። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ መጠየቅም አልፈለግኩም።

"ተሳስቼ ነው" አልኳቸው።

"ምንም አይደል ልጄ" አሉ። ለማንም ሴት እንደዚያ ይላሉ። ዘጉት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ቆየሁ። ልጄ ያሉኝ ሳያውቁኝ ነው። ሳያውቁኝም ቢሆን ደግመው ቢሉኝ ብዬ።

•

ሐሙስ ጠዋት ክሊኒክ ስደርስ ዐወድ ተቀምጧል።

ትራሱን ይዞ። ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ትራሱ ላይ አጣምሮ። ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል። ፊቱን ቢንቢ ጨርሶታል፤ አንዱ ዓይኑ አብጧል። ሌሎቹ ሴቶችና ባሎቻቸው ትራሱን ሰርቀው ያያሉ።

አጠገቡ ያለውን ወንበር ትንሽ ወዲያ ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። መምጣቱ ደስ ማሰኘት ነበረበት። እኔ ግን ያሰብኩት፣ የሚያልቅ ነገር እዚህ፣ ሰው ፊት ሊያልቅ ነው ብዬ ነው። ምናልባትም ትራሱን ይዞ የመጣው ከዚህ ወዲያ ወደ ቤት እንደማይመለስ ሊነግረኝ ነው። ፌስታሌን ያዝኩ። ውሃ ጠጥቼ ሆዴ ተወጥሯል። ለመናደድ እንኳ አይመችም።

ጋዲሴ ከመስኮቱ ብቅ አለች። ድምጿ ገበያ ያቋርጣል።

"አቶ ዐወድ! የነገርኩህን ጠብቀሃል?"

"ጠብቄያለሁ" አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

"ከሰኞ ጀምሮ?"

"ከሰኞ ጀምሮ። ቤትም አላደርኩም።"

ጥግ ላይ ያለ አንድ ሰውዬ በአፍንጫው ሳቀ። ሚስቱ በክርኗ ነካችው።

"ምኑን ነው የጠበቀው?" አልኳት ጋዲሴን። ማንጎውን ማለቴ ነበር።

እሷ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። የወንድ ዘር ለምርመራ ሲሰጥ አስቀድሞ ለጥቂት ቀን ከሚስት መከልከል ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ውጤቱ ልክ አይመጣም፤ ይህን በስልክ ነግሬዋለሁ፣ አልነገረሽም እንዴ አለችኝ። ክፍሉ ሙሉ ሰምቷል። ከዚያ መስኮቷን ዘጋች።

ወደ ዐወድ ዞርኩ። አንገቱ ድረስ ቀልቷል።

"ይቺን ልትነግረኝ አቃተህ?"

"አፈርኩ" አለ በቀስታ።

"ከኔ? ስንት ዓመት አብረን ተኝተን?"

"ቤት ልተኛ ነበር። ወደ ግድግዳ ዞሬ። ምንም አይደለም፣ ሦስት ሌሊት ነው አልኩ።" ትራሱን ጨመቀው። "ከዚያ ፀጉርሽን ታጥበሽ ገባሽ። ፈትተሽው። እኔ ራሴን አውቃለሁ፣ ሰጊ። ቤት ውስጥ ካለሽ አልችልም። እንደዚህ ብዬ እንዴት ልንገርሽ?"

እጄ ሳላስበው ፀጉሬን ነካ። 

"ማክሰኞ ስመጣ ግን ወደ ኋላ ሸሸህ" አልኩት። 

"ቢጫዋን ለብሰሽ ነበር" አለ። እንደ በቂ ምክንያት ነው የተናገረው። የእናቱ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ዛፍ ሥር፣ ቢጫ ቀሚሴን ፈርቶ።

ያን ሱሪ አስታወስኩ። ሳምንት እየቆየ የሚረዝመውን ሱሪ። እንዴት ረሳሁት? ይህ ሰውዬ አንድ ቃል ከማውጣት ሙሉ ሱሪ ያስቆርጣል። ሦስት ሌሊት ቢንቢ ይበላዋል። የሌለ ማንጎ ይጠብቃል። እኔ ደሞ ያንን ሁሉ ቀን የተቆጠርኩት ከተጣለ ሰው ነበር፤ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት። አለቀስኩ። ፌስታሉን አፌ ላይ አድርጌ፣ ራጁ እየተንኮሻኮሸ።

ኑሃስ አልኩት። ኑሃ ምን ሆነች አለኝ፣ ግራ ገብቶት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ነው የመጣችው፤ ለፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲው እስኪያስገቧቸው እናቴ ጋ ነች አለኝ። ሳቋ ምን ነበር አልኩት። ዛፉ ምንም የለበትም፣ ምን ትጠብቃለህ ብላኝ ነው አለ። እሱም፣ አንቺ ፈተናሽን አጥኚ ብሏታል።

ከዚያ ዝም አለ። ዝምታውን አውቀዋለሁ፤ ጎማ የሚያይበት ዝምታ ነው። እዚህ ጎማ የለም።

"አልዋሽሽም" አለ። "እናቴ ሌላ አግባ ብላኛለች። አንዴ አይደለም።"

"ምን አልካት?"

"መጀመሪያ እኔ ልታይ አልኳት። ችግሩ ከእኔ ከሆነ ሌላዋንም እንደዚህ ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ። አንቺን ያስቀመጥኩት ይበቃል።"

ወንበሩን ያውቃል። ከበሩ አልፎ ገብቶ አያውቅም፣ ግን ያውቃል።

"አንዴ በመስኮት አይቼሻለሁ" አለ። "አዲስ አበባ። በሁለት ሰው መሀል ተቀምጠሽ። ልገባ ፈለግኩ፤ ከገባሁ የሚነግሩኝን ፈራሁ።" ያበጠው ዓይኑ እንባ ያዘ። በእጁ አልጠረገውም፣ እጁ ትራሱ ላይ ነው። "ሰጊ፣ ከእኔ ከሆነስ? አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ?"

ማን ልበል የሚለውን የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ስለ ስልኩ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ አልኩ ለራሴ።

"ስምህ ሲጠራ ግባ" አልኩት።

"የጠየቅኩሽን አልመለስሽም።"

"ግባ አልኩህ እኮ።"

አየኝ። ከሰኞ ወዲህ ፊት ለፊት ያየኝ ያን ጊዜ ነው። መልሱን ፊቴ ላይ ፈለገ። አግኝቶት እንደሆን አላውቅም፤ ትከሻው ግን ትንሽ ወረደ።

ጋዲሴ በሩን ከፈተች። ስሙን ጠራች፤ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠችው፣ ክፍሉን በጣቷ አሳየችው። ዐወድ ተነሳ። በአንድ እጁ ዕቃዋ፣ በሌላው ትራሱ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ትራሱን እንደያዘ ትዝ አለው። መሀል ላይ ቆመ፣ የሚያደርግበት ጠፋው። ያ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ ደሞ ሊስቅ ሆነ።

እጄን ዘረጋሁ። ሰጠኝ። ቢንቢ፣ ዝናብና የእሱ ፀጉር ይሸታል።

ገባ። በሩ ተዘጋ። እሱ የተነሳበት ወንበር ገና ሙቀቱ አልወጣም።

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ባሏን አስከትላ ከውጭ ገባች። ነጠላዋ ከዝናቡ ርሷል። ክፍሉን ቃኘች፣ ወደ እኔ መጣች፣ የዐወድን ወንበር አየች።

"ይቺ ባዶ ናት?" አለችኝ።

ትራሱን ከጭኔ አንስቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።